የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከማን ኪስ ይውጣ?

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ማግስት ከየግቢው ተመሳሳይ ማስታወቂያ ይወጣል። አዲስ ገቢ ተማሪ የትምህርት ማስረጃውን ዋናውን ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፉን፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲቀርብ ይነገረዋል። ከአብዛኞቹ ግቢዎች ዝርዝር ውስጥ የክፍያ ደረሰኝ የለም። ከወሎ ገጠር ተነስቶ አርባ ምንጭ የተመደበ ልጅም ሆነ ከአዲስ አበባ ጅማ የደረሳት ልጅ ሻንጣቸውን ተሸክመው ይገባሉ፤ ዶርም ይሰጣቸዋል፤ ካፌ ይመገባሉ፤ ትምህርታቸውን ይጀምራሉ።

ያው ተማሪ ግን በምዝገባ ሰሞን አንድ ቅጽ ይሞላል። ሕጉ «የወጪ መጋራት ውል» ይለዋል፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው «ኮስት ሼሪንግ» በሚለው ስሙ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከሰልፉ ለመውጣት እየቸኮለ ይፈርማል። ውሉ ትዝ የሚለው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ቴምፖ በሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ ኦርጅናል ዲግሪውን ሊወስድ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሲቆም ነው። «መጀመሪያ ዕዳህን ጨርሰህ ማስረጃ አምጣ» ይባላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የሚለውም፣ አይደለም የሚለውም በከፊል ልክ ነው።

መንግሥት የዩኒቨርሲቲን ትምህርት ወጪ መክፈል አለበት ወይ? ተብሎ ሲጠየቅ ክርክሩ ወዲያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ወገን ትምህርት መብት ነው፣ ክፍያ የሚባል ነገር ሊነሳ አይገባም ይላል። ሌላው ዲግሪ የሚጠቅመው ባለዲግሪውን ነው፣ እንግዲያው ራሱ ይክፈል ይላል። የዚህ ንግግር አቋም ከሁለቱም ይለያል። ተማሪው ሲገባ መንግሥት ሙሉውን መሸፈን አለበት፤ አንድም ሰው ገንዘብ በማጣቱ ከበር መመለስ የለበትም። ከተመረቀ በኋላ ደህና ገቢ ያገኘ ሰው ደግሞ በግብር በኩል ይመልስ። ከሁለቱም በላይ ግን ገንዘቡ የት ላይ እንደሚውል መጠየቅ ይገባል፤ የድሃውን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የሚያስቀረው የትምህርት ክፍያ ሳይሆን ከዚያ በፊትና ከዚያ ጎን ያለው ወጪ ነውና።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪው ክፍያ አልተጠየቀም። አገሪቱ የተማረ ሰው እጅግ ያስፈልጋት ነበር፤ ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ራሱ ስለነበረም የሚያስተምረው ለራሱ መሥሪያ ቤቶች ነበር ማለት ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም አሠራሩ በዚያው ቀጠለ። ተማሪው በቁጥር ጥቂት ነበር፤ ወጪውም ለመንግሥት ካዝና አይከብድም ነበር።

ያኔም ቢሆን ግን ተማሪው ያለ ምንም ግዴታ አልተለቀቀም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ከዋና ከተማው ወጥቶ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ሠሩ። ለተከፈለላቸው በጉልበታቸውና በጊዜያቸው ከፈሉ ማለት ነው። አንዳንዱ ከዚያ በፊት ከከተማ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ሲመለስ የተማሪው እንቅስቃሴ ስለ ገጠሩ የሚያነሳው ጥያቄ የበለጠ እየጠነከረ ሄደ። የገጠር ትምህርት ቤቶችም በዚያ ዓመት አስተማሪ አገኙ። ተማሪው ለሕዝብ መመለስ የሚችለው በብር ብቻ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል፤ ዛሬ ስለ ወጪ መጋራት ሲወራ ብዙም አለመነሳቱ ያሳዝናል።

ከዚያ የመጣው የሴክተር ሪቪው ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በ1964 ዓ.ም. የአገሪቱን ትምህርት ከላይ እስከ ታች የፈተሸ ጥናት ተካሄደ። መነሻው እውነት ነበር፤ አብዛኛው ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ጥቂቶች በመንግሥት ገንዘብ እስከ ዲግሪ የሚደርሱበት ሥርዓት ፍትሐዊ አይደለም የሚል ነበር። ስለዚህ ለሁሉም ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ የላይኛው ደረጃ ዕድገት ይገደብ አለ። ሐሳቡ በ1966 ዓ.ም. ሕዝብ ጆሮ ሲደርስ መምህራንም ወላጆችም ተቆጡ። «የእኛ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የባለሥልጣን ልጅ ግን ሊቀጥል ነው» ተባለ። መምህራን በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ የነዳጅ ዋጋ ያስቆጣቸው ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን አደሙ፤ አብዮቱ ተከተለ። መንግሥት ጥናቱን ማንሳት ግድ ሆነበት።

ከሴክተር ሪቪው ብዙ መማር ይቻላል። የአጥኚዎቹ ሒሳብ ልክ ነበር፤ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሕፃናትን ማስተማር ይቻላል። ወላጆቹም ልክ ነበሩ፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመግባቱ ተስፋ የቤቱ ሁሉ ተስፋ ነው። ያንን ተስፋ የሚዘጋ ማንኛውም የገንዘብ ድልድል፣ ሒሳቡ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሰው አይቀበለውም። ስለዚህ የታችኛውን ለማስፋት የላይኛውን በር መዝጋት መንገዱ ሊሆን አይችልም።

ከሃያ ዓመት በኋላ የወጣው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሌላ መንገድ መረጠ። የመንግሥት ድጋፍ ቅድሚያ ለአጠቃላይ ትምህርት እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ተጠቃሚው ወጪውን የሚጋራበት እንዲሆን አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ስም የነበራቸው አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። ይህን ያህል ግቢ መክፈት፣ ተማሪውን ማስተኛትና ማብላት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። የወጪ መጋራት ሥርዓቱም በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ ዋለ።

ሲጀመር የነበረው ስሌት ግልጽ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲማር ምንም አይከፍልም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እስከ 15 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። መምህር ለመሆን የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፋንታ በማስተማር አገልግሎት እንዲመልስ ተፈቀደለት። እስከ 85 በመቶ የሚደርሰውን የትምህርት ወጪ ሕዝቡ ይዞታል ማለት ነው። በሐሳብ ደረጃ ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ሀብታም አገሮች ከዚህ የባሰ አላቸው።

ችግሩ አሰባሰቡ ላይ ነው። ከጤና ጣቢያ ነርስ ደሞዝ ላይ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ስሟ ፔሮል ላይ አለ፣ የፋይናንስ ሠራተኛው በየወሩ ይቀንሳል። ከእርስዋ ጋር የተመረቀው ልጅ ግን መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ቢነግድ፣ ወይም ደላላ ሆኖ ከእርስዋ አሥር እጥፍ ቢያገኝ፣ ፈልጎ የሚቆርጥበት የለም። ኦርጅናል ዲግሪውን ካልፈለገው ዕዳውን የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሥርዓቱ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚከፈለውን የመንግሥት ሠራተኛ አጥብቆ ይይዛል፣ በግሉ የሚሠራውን ግን በቀላሉ ያሳልፋል። ዲግሪ ማገድ ደግሞ የተሳሳተ ሰው ላይ የሚያርፍ ቅጣት ነው። ኦርጅናሉን አጥብቆ የሚፈልገው ገና ሥራ ያላገኘው፣ ወይም ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘው ወጣት ነው። ያውም መክፈል የማይችልበት ጊዜ ላይ።

ሌላም አለ። ዕዳው የሚመዘገበው ተማሪው በተማረበት ዓመት ዋጋ ነው። ብር አቅሙ እየደከመ ሲሄድ ዕዳውም አብሮ ይቀልላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ከአሥር ዓመት በፊት የተፈረመ ውል ዛሬ ቢከፈል ለዩኒቨርሲቲው የሚገዛለት ነገር ትንሽ ነው። ለተመራቂው ይህ እፎይታ ነው፤ ከኋላው ለሚመጣው ተማሪ ግን ገንዘቡ ደርቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍትሕ ጥያቄው እንምጣ። ነፃ ይሁን የሚለውን ወገን አጥብቆ የሚፈትነው በዚያው ግቢ ውስጥ በማታ የሚማረው ሰው ነው። ቀን ሆቴል ቤት አስተናጋጅ፣ የባንክ ጥበቃ ወይም የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ይውላል። ከ11 ሰዓት በኋላ ታክሲ ተጋፍቶ የኤክስቴንሽን ክፍል ይገባል። ያው መምህር፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው ግን በየሴሚስተሩ ሙሉውን ይከፍላል፤ ግብሩም ከደሞዙ ይቆረጣል፤ ሳሙና ሲገዛ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። በግል ኮሌጆች የሚማሩትም እንደዚሁ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመደበኛው ምደባ የሚያበቃ ነጥብ ያላመጡ ናቸው፤ ያላመጡበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ቁጥራቸው 30 ሺህ አይሞላም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,300 በላይ ነበሩ። ኮሮናና ጦርነት ትምህርት ያቋረጡባቸው አካባቢዎች እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። ግን ከዚያ አስቀድሞም የቆየ ጉድለት እንደነበረ ማንም አስተማሪ ይመሰክራል። መንግሥት ነጥባቸው ለዝቅተኛው መመዘኛ የቀረበውን ለማብቃት ሪሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ፕሮግራም ከፈተ።

ቤተ ሙከራ የሌለው፣ የሒሳብ መምህሩ በየሴሚስተሩ የሚቀየርበት፣ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ የሚዳረስበት የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በሌላ በኩል ወላጅ በወር ብዙ ሺህ ብር የሚከፍልበት የከተማ የግል ትምህርት ቤት አለ። ሁለቱም ተማሪዎች አንድ ፈተና ይቀመጣሉ። በፈተናው ያለፈው ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይገባል። ለአሥራ ሁለት ዓመት መክፈል የቻለ ቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲደርስ መክፈል ያቆማል፤ ምንም ያልነበረው ቤተሰብ ልጅ ደግሞ በሩ ላይ አይደርስም፤ ቢማርም በማታ ከፍሎ ነው። ነፃ ትምህርት የሚለው ቃል ይህንን ሐቅ መሸፈን የለበትም። በነፃ ትምህርት ለሚያምን ሰው ይህ ከባድ ጉዳይ ነው፤ መልስ ሳይሰጡበት ማለፍም አይቻልም።

መልሱ ታዲያ በሩ ላይ ገንዘብ ቆጣሪ ማስቀመጥ ይሆን? ክፍያ መጣል ሀብታሙን አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው ከዚያ ሁሉ መሰናክል አልፎ የደረሰውን የድሃ ልጅ ነው። በሬ የሸጠ አባት፣ ሻይ የምትሸጥ እናት፣ ልጃቸው 500 ነጥብ አምጥቶ በክፍያ ቢመለስ ከአንድ ቤት በላይ ይጎዳል፤ መንደሩ ሁሉ ልጁን ትምህርት ቤት መላኩ ምን ዋጋ አለው ብሎ ይጠይቃል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበትን ማየት ይጠቅማል። እንግሊዝ እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ ተማሪዎቿን ታስተምር የነበረው ያለ ክፍያ ነበር። በዚያ ዓመት በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ጣለች፤ በ2006 ወደ 3,000፣ በ2012 ወደ 9,000 አሳደገችው። ገንዘቡ በብድር ይሸፈናል፤ ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ ወለል ሲያልፍ ከወለሉ በላይ ካለው 9 በመቶ ይከፍላል፤ ሳይጨርስ የቀረው በ2012ቱ ሥርዓት ከ30 ዓመት በኋላ ይሰረዛል፤ ከ2023 ወዲህ ለሚገቡት 40 ዓመት ሆኗል። ስኮትላንድ ግን በዚያው መንግሥት ሥር ሆና ለራስዋ ነዋሪዎች ክፍያውን አስቀርታለች። ጀርመን ውስጥ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በሴሚስተር 500 ዩሮ ማስከፈል ጀምረው ነበር፤ ሕዝቡ ስላልወደደው አንድ በአንድ ተዉት፤ መጨረሻ የተወው የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጀርመን ይህን የቻለችው ግብሯ ከፍ ያለና በደንብ የሚሰበሰብ ስለሆነ ነው።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ለመሙላት ቤተሰብ ሁሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን መንገድ ይመርጣሉ። የአገሪቱ የፌዴራል የተማሪ ዕዳ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ባይደን ዕዳውን በከፊል ለመሰረዝ ያወጡትን ዕቅድ ሽሮታል። የዚያ ዕዳ ክፋት መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ያጣውንም የቸገረውንም እየተከታተለ መሄዱ ነው።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አውስትራሊያ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ዊትላም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ክፍያውን አስቀርቶ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ዩኒቨርሲቲው ነፃ ሆነ። በ1989 ግን ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ቻፕማን የነደፈው አዲስ አሠራር መጣ። ሲጀመር ለሁሉም ተማሪ በዓመት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር ይመዘገብ ነበር፤ ሲማር አይከፍልም፤ ሥራ ይዞ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲበልጥ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ከግብሩ ጋር አብሮ ይወስዳል። ገቢው ከቀነሰ ክፍያው ይቆማል። ዕዳው የዋጋ ንረትን ተከትሎ ይስተካከላል። ቻፕማን በኋላ የኢትዮጵያንም ሁኔታ አጥንቷል። የሁለቱ አገሮች ሥርዓቶች ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚለያዩት ሐሳቡ ላይ አይደለም። የአውስትራሊያ ግብር ሰብሳቢ የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ያውቃል፤ የኢትዮጵያው ገና አያውቅም። ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ እየተያያዙ በሄዱ ቁጥር ይህ ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል፤ ነጋዴውንም ነርሷንም በእኩል ለማየት መንገድ ይከፍታል።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሌላውን የጉዳዩን ገጽታ ታሳያለች። በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የ10.5 በመቶ የክፍያ ጭማሪን ተቃውመው ተነሱ። እንቅስቃሴው በቀናት ውስጥ አገሪቱን አዳረሰ፤ ፕሬዚዳንት ዙማ ለ2016 ጭማሪ እንደማይኖር ለማሳወቅ ተገደዱ። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓመት ገቢያቸው ከ350,000 ራንድ የማይበልጥ ቤተሰቦች ልጆች መንግሥት የትምህርት ወጪያቸውን እንዲሸፍንላቸው ተወሰነ። ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ የካቲትና መጋቢት ላይ የሚሰማው ጩኸት የምግብና የቤት ኪራይ አበል ዘገየ የሚል ሆነ። የትምህርቱ ክፍያ ተከፍሎለት መተኛ ያጣ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያድራል። የትምህርት ክፍያ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ እንደሆነ በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

በኢትዮጵያ ግቢዎችም የዕለት ተዕለቱ ጭንቀት ይኸው ነው። ለዓመታት አንድ ተማሪ ለቀን ምግቡ የተያዘለት በጀት 15 ብር ነበር። ዳቦና ሻይ፣ ሽሮና ምስር፣ ሦስት ጊዜ። ኑሮ ሲወደድ 15 ብር የአንድ ሻይና ዳቦ ዋጋ እንኳ አልሆን አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች አቅራቢ አጡ፤ ግቢዎቹ በየጊዜው በምግብ ጉዳይ ተረበሹ። በጀቱ ወደ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ይህ ውሳኔ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ከተነገሩት ብዙ ንግግሮች ይበልጥ ተማሪውን የጠቀመ እርምጃ ነው፤ ዘግይቶ ቢመጣም።

ከምግቡ በተረፈ ደግሞ ማንም የማይመዘግበው ወጪ አለ። ከጎንደር ጅማ የሚሄድ ልጅ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ሳሙና፣ የሴት ተማሪዎች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፣ የስልክ ካርድ። ዘመድ ያለው በቴሌብር ይላክለታል። የሌለው የዶርም ጓደኞቹን ልብስ እያጠበ፣ የሰው አሳይመንት እየጻፈ ሳንቲም ይለቅማል። ሴት ተማሪዎች ላይ ጫናው ይበረታል፤ የገንዘብ ችግር ከትምህርት የሚያስቀራቸው ብቻ ሳይሆን ለሌላ ጉዳት የሚያጋልጣቸውም ነው። በየዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪዎች መዋጮ የሚያሰባስቡ የተማሪዎች ማኅበራትና መምህራን አሉ። የሚያደርጉት ነገር የሚመሰገን ቢሆንም የአንድን ሴት ተማሪ የዓመት ኑሮ በመምህራን ደግነት ላይ መጣል አይገባም።

አሁን ጉዳዩ አዲስ ምዕራፍ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩና የራሳቸውን ገቢ እንዲፈጥሩ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሐሳቡ ጥሩ ጎን አለው። ለአንድ ወንበር ግዢ እንኳ የሌላ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠብቅ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን ይቸግረዋል። ግን የራስ ገቢ ማለት በቀላሉ ከተማሪ የሚሰበሰብ ክፍያ ማለት እንዳይሆን ከወዲሁ መጠበቅ ያስፈልጋል። ምርምር፣ ማማከር፣ የአዳራሽና የመሬት ኪራይ፣ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሁሉ አሉ። ከእነዚህ ይልቅ የሚቀለው ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መሰብሰብ ነው፤ አደጋውም መቅለሉ ነው።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከፋይ ተማሪ እንዲቀበል ከተፈቀደለት አንድ ግዴታ አብሮ ሊታሰር ይገባል። ነጥቡን ያመጣና የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ የመቀመጫ ድርሻ በቁጥር ይወሰን፤ የትምህርቱም የመኝታውም ወጪ ይሸፈንለት። የቤተሰብን ገቢ ማጣራት በኢትዮጵያ ከባድ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ የግብር ደረሰኝ የሌለው ገበሬና ነጋዴ ብዙ ነው። ነገር ግን ተማሪው የተማረበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ብዙ ይናገራል። ከገጠር ወረዳ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣን ልጅ በዓመት ብዙ ሺህ ብር ሲከፈልለት ከቆየ ልጅ ለመለየት የቀበሌ ደብዳቤ እንኳ አያስፈልግም።

ከወጪ መጋራቱ የሚመለሰው ገንዘብ ጉዳይም መልስ ይሻል። ከተመራቂ የተቆረጠ ብር ወደ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ሲጠፋ ከፋዩ ለምን እንደከፈለ አያውቅም። ገንዘቡ በሕግ ተለይቶ ለሁለት ነገር ቢውል፣ ማለትም ለችግረኛ ተማሪዎች የኪስ አበልና አንድም ተማሪ ላላሳለፉት ለእነዚያ ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች የሒሳብና የሳይንስ መምህራን፣ ከፋዩም የሚከፍልበትን ምክንያት ያያል። በ1957 ዓ.ም. የነበረውን አገልግሎት ዛሬ እንዳለ መመለስ አይቻል ይሆናል፤ የአካባቢዎች ጸጥታና የተማሪው ብዛት ያንን አይፈቅድም። ዕዳውን በገንዘብ ከመክፈል ይልቅ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች አንድ ወይም ሁለት ዓመት አስተምሮ መክፈል ለሚፈልግ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ ምሩቅ ግን በሩ ሊከፈት ይችላል። ለመምህርነት ለሠለጠኑት የተሰጠው መብት ለሌሎችም ቢሰፋ ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈልጎ የሚንከራተተው ወጣት ሥራ ያገኛል፣ የገጠሩም ተማሪ አስተማሪ ያገኛል።

ደሞዙ አነስተኛ የሆነ ምሩቅ ኑሮው እስኪደላደል ድረስ ከመክፈል ነፃ የሚሆንበት የገቢ ወለል መቀመጥ አለበት። ወለሉም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከል። ኦርጅናል ዲግሪ ማገድ ይቅር፤ የዕዳው መዝገብ ከዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ወጥቶ ወደ ግብር ሰብሳቢው ይሂድ። ያኔ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የቆመው ወጣት ዲግሪውን ተቀብሎ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሥራ ባገኘ ጊዜ የሚጠየቀውም በደሞዙ ልክ ይሆናል።